የልጃገረድነት ስም

እትዬ አሰገደች ማረፋቸውን የሰማሁት ልጄ የምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጣ ስሟን የምታስቀይርበትን ፎርም ስትሞላ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ከሲልቨር ስፕሪንግ የደወለችልኝ የማኅበራችን ሴት ገነት ናት። «ውድነሽ፣ እትዬ አሰገደች ዛሬ ጠዋት አረፉ» አለችና ትንፋሽ እንኳን ሳትወስድ ወደ ጉዳይዋ ገባች። ቄሱ ለፍትሐቱ የክርስትና ስማቸውን ጠይቀዋል፤ እሷም ስልክ ስትቀጠቅጥ ውላ የሚያውቅ ሰው አጥታለች።

«ወለተ ሚካኤል» አልኳት።

«እርግጠኛ ነሽ? አንቺ እንዴት አወቅሽ?»

እንዲህ ያለችው ወዳ አይደለም። እኔና እትዬ አሰገደች ከሃያ ዓመት በላይ ተኮራርፈን መኖራችንን የማያውቅ ሐበሻ እዚህ አሜሪካ፣ እኔ ካለሁበት ከአሌክሳንድሪያ እስከ ጀርመንታውን የለም። «አውቃለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ልጄ ከወረቀቷ ቀና ብላ ማን እንደሞተ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ትንሽ አሰበችና፣ ስሜን ያበላሸችው ሴትዮ ናት? አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

ይህን የምጽፈው ለዚያ «አዎ» ስል ነው።

ልጄ በወረቀት ደረሰ ወርቁ ትባላለች። ወርቁ የባሌ የጌታሁን አባት ነው። ደረሰ ደግሞ የእኔ አባት ስም ነው፤ የወንድ ስም ነው። ልጅቷ በቤት ቤቲ ተብላ ነው ያደገችው፤ አማቴ ከአገር ቤት ያወጡላት ስም ቤተልሔም ስለሆነ። የአሜሪካ አስተማሪዎቿ ግን «ደሪስ» እያሉ ይጠሯትና እንዴት ያለ ቆንጆ የሴት ስም ነው ይሏት ነበር። እሷ አልወደደችውም። በየመሥሪያ ቤቱ ፓስፖርቷን የሚያየው ሐበሻ ሁሉ ፎቶዋን ከስሟ እያስተያየ ሲስቅባት ኖራለች። አሁን ሃያ ስድስት ዓመት አልፏታል፤ ማክሰኞ ፎርሙን ፍርድ ቤት አስገብታ ቤተልሔም ልትባል ነው። ቤተሰቡም፣ ማኅበሩም፣ እሷም የምታውቀው ታሪክ አንድ ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ የልደት ወረቀቱን የሞሉት እትዬ አሰገደች ተሳስተው፣ የእናትየዋን የአባት ስም በልጅቷ ስም ቦታ ጻፉት።

ለሞተ ሰው ደግ ደጉን ብቻ ማውራት ልማዳችን ነው። ለቅሶው ላይ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው አውቃለሁ። እኔ ግን ከእሳቸው ጋር ያለኝን ነገር በልኩ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ፤ ያደረጉኝን እንዳደረጉኝ፣ ያላደረጉኝንም እንዳላደረጉኝ።

እትዬ አሰገደች ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ባለ አንድ ሆስፒታል የአንሶላ ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ አንገታቸው ቀጥ ያለ ሴት። ከቁመታቸው በላይ በነጭ አንሶላ የተከመረ ጋሪ እየገፉ ሲመጡ በመጀመሪያ የሚታየው ነጩ ክምር ነው፤ ሴትየዋ በኋላ ነው የሚመጡት። አሁንም ሳስባቸው እንደዚያው ናቸው፤ ከሞቀ ንጹሕ ጨርቅ ሽታ ውስጥ፣ ከነጭ ነገር ጀርባ፣ ቀስ ብለው ይወጣሉ። የወሊድ ክፍሉ ነርሶች አማርኛ የምትናገር እናት በመጣች ቁጥር አስተርጓሚ እስኪመጣ መጠበቅ ሲሰለቻቸው እሳቸውን ይጠሯቸው ነበር። ጋሪውን ግድግዳ ላይ አስጠግተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ከደረት ኪሳቸው ጥቁር እስክሪብቶ አውጥተው ይገባሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ የአካባቢው ሐበሻ ሕፃን ሁሉ ስሙ በእሳቸው እጅ ተጻፈ። ከዚያ የመኖሪያ ፈቃድ ፎርም መጣ፣ የትምህርት ቤት ፎርም መጣ፣ የቤት ኪራይ ፎርም መጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ አፓርታማቸው ደጅ ላይ ሰው ተሰልፎ ይጠብቅ ነበር።

ፎርም ላይ ያለችውን እያንዳንዷን ክፍት ቦታ «ሳጥን» ነው የሚሏት። «አሜሪካ አንቺን የምታውቅሽ በሳጥን በሳጥን ነው» ይላሉ። ስም ሲጽፉ አንድ አመል ነበራቸው። ዓይናቸውን ይጨፍኑና ስሙን ሦስት ጊዜ ድምፅ አውጥተው ይጠሩታል። በመጀመሪያው እንደ ማንኛውም ሰው ነው፤ በሁለተኛው ዝግ ይላሉ፤ በሦስተኛው ሩቅ ቦታ ያለ ሰው እንደሚጠራ አድርገው ነው የሚሉት፤ ከዚያ ይጽፋሉ። አልጋ ላይ ያሉ እናቶች ልጃቸው በዚያች ቅጽበት ገና የተወለደ ይመስላቸው እንደነበር ነግረውኛል። እኔ ይኼ ሁሉ ማስመሰል ነው እል ነበር። አሁንም ግማሹ ማስመሰል ይመስለኛል።

ስለ እሳቸው ሲወራ የማይቀር አንድ ጨዋታ አለ። የልደት ፎርሙ ላይ የእናትየዋን «ሜይደን ኔም»፣ ማለትም ከማግባቷ በፊት የነበራትን ስም የሚጠይቅ ሳጥን አለ። የእኛ ሴቶች ሲያገቡ ስማቸውን ስለማይለውጡ እንዲህ ያለ ነገር በአማርኛ ስም የለውም። እትዬ አሰገደች መዝገበ ቃላት ገልጠው «ሜይደን» ማለት ልጃገረድ መሆኑን አገኙ። አንዲት ገና የተገላገለች ልጅ አልጋ አጠገብ ቆመው፣ አማቷ ከጎንደር ለጥየቃ መጥተው ራስጌዋ በተቀመጡበት፣ ኮስተር ብለው «የልጃገረድነት ስምሽን ንገሪኝ» አሏት። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። አማትየዋ ነጠላቸውን አስተካክለው «የልጃገረድነት ስሟማ ንጹሕ ነው፤ አንድም ቀን ስም ወጥቶባት አያውቅም። በቁርባን ነው የወሰድናት። ይኼንንም ይጻፉልኝ» አሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጥያቄውን ለውጠው «ከማግባትሽ በፊት ማን ነበርሽ?» ማለት ጀመሩ። አንዷ «ያው እኔው ነበርኩ፣ እትዬ» ትላለች። አንዷ «ቀጭን ነበርኩ» ብላ አስቃቸዋለች። «አስተማሪ ነበርኩ» ብላ ያለቀሰችም ነበረች። ማኅበር ላይ ይኼ በተነሣ ቁጥር ሁሉም ይስቃል። እኔ አልስቅም ነበር፤ ምክንያቱም እኔ ለዚህ ጥያቄ የምመልሰውን ስም ከወረቀቴ ላይ ያወጡት እሳቸው ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ጌታሁን የዜግነት ማመልከቻ ልናስሞላ አንድ ቅዳሜ ሄድን። ሶፋቸው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እስከዚያ ቀን ውድነሽ ደረሰ ነበርኩ። ፎርሙ ላይ ስም መለወጥ ትፈልጊ እንደሆነ የሚጠይቀው ሳጥን ጋ ሲደርሱ ጌታሁን ጉሮሮውን ጠረገና፣ የመኪና ማቆሚያው ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ሚስትህ ለምን በሌላ ስም ትጠራለች እያሉ እንደሚያስቸግሩት አወራ። እትዬ አሰገደች አዳመጡት። ከዚያ ለእኔ፣ በአገራችን ሴት ስሟን እንደማትጥል፣ እዚህ ግን ባልና ሚስት በሁለት ስም ሲኖሩ ጥያቄ እንደሚበዛ፣ ልጅ ሲመጣ ደግሞ ትምህርት ቤቱ እናቱ መሆንሽን አስረጂ እንደሚል አስረዱኝ። «ምን ትያለሽ?» አሉኝ።

ዝም አልኩ።

ዝምታዬን እሺታ ብለው ወሰዱት። ባሏ አጠገቧ የተቀመጠ ሴት ዝም ስትል ዝምታው ምን እንደሆነ የማያውቁ ሴት አልነበሩም፤ ስንቷን አይተዋል። ዓይናቸውን ጨፍነው «ውድነሽ ወርቁ» አሉ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። በሦስተኛው ከበሩ በኩል አንዲት የማላውቃት ሴት ገብታ አጠገቤ የተቀመጠች መሰለኝ። የአባት ስማችን አንድ ስለሆነ እኛን የማያውቅ ሐበሻ ወረቀታችንን ሲያይ እህትና ወንድም ናቸው ይል ነበር። የባሌ እህት ሆኜ አረፍኩት።

አባቴ ደብረ ታቦር ወፍጮ ቤት ነበረው። ፊደል የቆጠረ፣ ጽሑፉ ያማረ፣ ኩሩ ሰው ነው። እኔ አልነገርኩትም። በዚያ ክረምት አንድ ግራጫ ሹራብና የንባብ መነጽር በፖስታ ላክሁለት፤ ላኪ በሚለው ቦታ አዲሱን ስሜን ጻፍኩ፤ ፖስታ ቤቷ ያለችው ሴት ከመታወቂያዬ ጋር እያስተያየች ስለነበር። ከአምስት ወር በኋላ ጥቅሉ ሳይከፈት ወደ አሌክሳንድሪያ ተመለሰ። ላዩ ላይ በአባቴ የእጅ ጽሑፍ «ውድነሽ ወርቁ የምትባል ልጅ የለችኝም። ደረሰ።» የሚል ነበረበት። ጎረቤቱ ባለ ሱቅ ስልክ ደውዬ አስጠራሁት። ወፍጮ ላይ ነኝ በላት ብሎ መለሰ። እሑድ ነበር፤ ወፍጮው እሑድ አይዞርም።

ጥቅሉን ሳልከፍት ቁም ሣጥኔ ውስጥ አስገባሁት። እትዬ አሰገደች ሰምተው መጡ። ቀስ ብሎ ይበርዳል፣ አባት ነው፣ ሄደሽ እግሩ ላይ ትወድቂያለሽ አሉኝ። ልሄድ ስዘጋጅ ግን አረገዝኩ፤ ዕድሜዬ ሠላሳ ስምንት ነበር፣ የደም ግፊቴም ከፍ ብሎ ሐኪሙ አውሮፕላን ከለከለኝ።

ከሰባተኛው ወር በኋላ ቤታችን ውስጥ አንድ ነገር ተለወጠ። ያኔ አልገባኝም። ሰዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ ይመጣሉ፣ ብዙ ይቀመጣሉ፣ ስለ አየሩ ያወራሉ። ጌታሁን የደብረ ታቦር መስመር ተበላሽቷል እያለ ስልኩን ከእጄ ይወስዳል። እትዬ አሰገደች ከሲልቨር ስፕሪንግ ባቡርና አውቶቡስ ቀያይረው በየሳምንቱ ይመጡና ልብሴን አጥፈው፣ አልጋዬን አንጥፈው፣ ዓይኔን ሳያዩ ይሄዳሉ። አንሶላውን ዘርግተው ወደ ላይ ሲያራግፉት አየር ሞልቶት ይቆማል፤ እሳቸውም ከአንሶላው ጀርባ ቆመው ይዘገያሉ። እኔ ስም ስላስጣሉኝ አፍረው ነው እል ነበር።

አባቴ ሞቶ ነበር። እርጉዝ ሴት መርዶ አይነገራትም፤ ሁሉም ያውቁ ነበር፣ ማኅበሩ በሙሉ ያውቅ ነበር፣ እኔ ብቻ በጉባኤው መሀል ተቀምጬ ልጄን ይዤ አባቴ እግር ላይ ስወድቅ በሐሳቤ እያየሁ እስቅ ነበር። የደበቁኝን ሰዎች አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። መሪያቸው ማን እንደነበረችም አውቃለሁ።

ሆዴ ተቀዶ ልጄ በተወለደች ማግሥት ነርሷ የልደት ወረቀቱን ረቂቅ አምጥታ ለጌታሁን ሰጠችው። አነበበው። ድጋሚ አነበበው። «ይኼ ምንድነው? ልጄን አባትሽ አደረጋችኋት?» አለ። እትዬ አሰገደች ጋሪያቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው ነበር። መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው። እኔ መስኮቱን አየሁ። ከዚያ ገቡና «እኔ ነኝ፣ ጌታሁን። ዓይኔ ነው። የእናትየዋን ሳጥንና የልጅቷን ሳጥን አምታትቼ ነው» አሉ።

የተባሉትን አልጽፈውም። አማቴ ከአገር ቤት በስልክ ያሉትንም አልጽፈውም። ጌታሁን አስተካክላለሁ ሲል በኋላ የጀመረው የታክሲ ሥራ አልፈታው ብሎ፣ ነገ ከነገ ወዲያ ሲል ልጅቷ ትምህርት ቤት ገባች፤ ስሙ እንደዚያው ቀረ። እሱም ካረፈ አሁን ሦስት ዓመቱ ነው። ልጅቷ ገና ሳትጠመቅ እትዬ አሰገደች የክርስትና እናት ልሁናት ብለው ለመኑኝ፤ የክርስትና ስማቸውን የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው። ጌታሁን አይሆንም አለ፤ እኔም አይሆንም አልኩ። ልጅቷ በሰማንያ ቀኗ ተጠምቃ በማግሥቱ ማለዳ ሰዎች ነጠላ ዘቅዝቀው መጡና መርዶዬን ነገሩኝ። ፊት ለፊት የቆሙት እሳቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቤቴ አልገቡም፤ እኔም አልጠራኋቸውም።

ልጄን ደረሰ ብሎ የጠራት ቤታችን ውስጥ ማንም የለም። እትዬ አሰገደች ብቻ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካገኙን ከሩቅ «ደረሰ፣ ደህና ነሽ?» ይሏት ነበር፤ ስሙን በወንድ፣ ሰላምታውን በሴት። ልጅቷ ታፍራለች። አሥራ አምስት ዓመት ሲሆናት አንድ ቀን ሲልቨር ስፕሪንግ ሐበሻ ሱቅ ውስጥ ተገናኘን። ዘንቢላቸውን ይዘው የቅመም መደርደሪያው አጠገብ ቆመዋል። እኔ የሽሮ ፓኬት ይዣለሁ። ልጄ በቀጥታ ሄዳ፣ አንቱ ማለት ስለማታውቅ፣ «አንቺ ነሽ አይደል ስሜን ያበላሸሽው?» አለቻቸው።

«አዎ፣ ልጄ። ዓይኔ ነው» አሉ።

«ሶሪ እንኳን ብለሽኝ አታውቂም።»

ዘንቢላቸውን መሬት አስቀመጡ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ደረሰ» አሏት። ይህን ሲሉ እኔን አላዩም። እኔ የሽሮው ፓኬት ላይ የተጻፈውን አነብ ነበር።

ዓምና ሀያትስቪል አረጋውያን ቤት መግባታቸውን ሰምቼ ብቻዬን ሄድኩ። መስኮት አጠገብ ተቀምጠው የወረቀት ሶፍት እንደ አንሶላ አራት ቦታ እያጠፉ ይከምራሉ። ነጭ ክምር ጭናቸው ላይ። ልነግራቸው የሄድኩት ነገር ነበረ፤ አፌ ላይ ደርሶ አልወጣም። ማን እንደሆንኩ ያወቁ አልመሰለኝም። ለብዙ ጊዜ አብረን አጠፍን፤ ፀሐዩ ከግድግዳው ወደ ወለሉ ወረደ። ልነሣ ስል ክንዴን ይዘው «ሳጥኑ ሞላ?» አሉኝ። «ሞላ፣ እትዬ» አልኳቸው። ደስ አላቸው።

ቀብሩ ማክሰኞ ነበር፤ ስለዚህ ልጄ እኔን ለማድረስ ብላ የፍርድ ቤቱን ነገር ወደ ረቡዕ አዛወረችው። ከቀብር መልስ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ተቀመጥን። ሰዉ ብዙ ነው፤ እሳቸው ስሙን የጻፉለት ወጣት ራሱ አዳራሹን ይሞላል። ጨዋታው ወደ ልጃገረድነት ስም ዞረ። እንባና ሳቅ ተቀላቀለ። ያን ጊዜ ገነት ወደ ልጄ ዞር ብላ «ይቺ አይደለች እንዴ በስህተት ወንድ ያደረጓት?» አለች። ሳቁ ጨመረ። ልጄ ሃያ ዓመት የለመደችውን ፈገግታ ፈገግ አለችና፣ ነገ ፊክስ አደርገዋለሁ አለች።

«አልተሳሳቱም» አልኩ።

ድምፄ እንዲህ ጮክ ብሎ እንደሚወጣ አላሰብኩም። ገነት «ምን አልሽ?» አለችኝ።

«እትዬ አሰገደች አልተሳሳቱም። እኔ ነኝ ያልኩት።»

ከዚያ ነገርኳቸው፤ ዓይኔ ልጄ ላይ ብቻ ነበር።

ልጄ በተወለደች ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። የሰመመን መድኃኒቱ ገና አልለቀቀኝም። መጋረጃው ነጭ ነው፣ ፀሐይ ከጀርባው ይገባል፣ ክፍሉ ሁሉ ወተት ውስጥ የተቀመጠ ይመስላል። እትዬ አሰገደች ፎርሙን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አጠገቤ ተቀምጠዋል። ከማግባትሽ በፊት ማን ነበርሽ አሉኝ። ውድነሽ ደረሰ አልኩ፤ በትክክለኛው ሳጥን ውስጥ ጻፉት። ከዚያ «የልጅቷስ ስም?» አሉኝ። ያኔ አባቴ በሩ ላይ ቆሞ አየሁት። ቅንድቡ ላይ ዱቄት አለ፣ ከወፍጮ እንደወጣ። የለበሰው ግራጫውን ሹራብ ነው፤ ያ ሹራብ ደግሞ አሌክሳንድሪያ ቁም ሣጥኔ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ፤ ግን አልገረመኝም። በጣም ደስ አለኝ።

«ደረሰ» አልኩ።

እትዬ አሰገደች ወደ በሩ ዞሩ። እስክሪብቶው እጃቸው ላይ ቆመ። «ማነው የደረሰው?» አሉኝ በቀስታ።

«አባባ።»

ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አቅርበው «የልጅቷን ስም ነው የጠየቅኩሽ፣ ውድነሽ» አሉ።

«ደረሰ በሏት።»

«ሴት ናት እኮ። ደረሰች ልበል?»

«አይደለም። ደረሰ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑና ሦስት ጊዜ ጠሩት። በሦስተኛው ድምፃቸው ተሰበረ። እኔ በደስታዬ መሀል ምን ሆነው ነው ብዬ አሰብኩ። እሳቸው አባቴ ከሞተ ሁለት ወር እንዳለፈው ያውቁ ነበር፤ እኔ አላውቅም። ከዚያ ጻፉ።

ገነት «ታዲያ ይኼን ሁሉ ዘመን…» ብላ ጀምራ ተወችው። ልጄ ተነሥታ መኪናዋ ጋ ሄደች። ተከተልኳት።

ከተማውን የሚዞረውን ቀለበት መንገድ፣ ቤልትዌይን ስንይዝ ፊቷን ከመንገዱ ሳታነሣ፣ ግማሽ በእንግሊዝኛ ግማሽ በአማርኛ፣ «ማሚ፣ ሶሪ በይ አልኳት። ኦልድ ሌዲ ናት፣ እኔ ሶሪ በይ አልኳት። አንቺ እዛ ቆመሽ» አለችኝ።

ነበርኩ አልኳት። ያለኝን ምክንያት ሰጠኋት። መጀመሪያ አባትሽን ፈራሁ፤ እሳቸው ጥፋቱን ሲወስዱት ቀለለኝ። መርዶው ሲነገረኝ ደግሞ ያ ስም አፌ ውስጥ መግባት እምቢ አለ፤ አንቺን በጠራሁ ቁጥር እሱን ከበሩ ላይ የምጠራው መሰለኝ። ቤቲ ማለት ቀለለኝ። ከዚያ በኋላ ስህተት ነው ማለቱ ለሁላችንም ተመቸ፤ ለእሳቸው ካልሆነ በቀር። የሚጠሉትን ሰው አንዴ ካገኙ ሌላ ነገር ማሰብ አያስፈልግም። ይህን ሁሉ ስናገር ወንዙን በድልድዩ ተሻገርን፤ ውሃው ግራጫ ነበር፣ ከሰማዩ መለየት አይቻልም።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። እሷ መንዳቷን ቀጠለች፤ መብቷ ነው።

አሌክሳንድሪያ አፓርታማዬ ፊት ለፊት መኪናውን አቆመች፤ ሞተሩን ግን አላጠፋችውም። እጇን ወደ ኋላ ወንበር ሰድዳ የፍርድ ቤቱን ፎርም ከማኅደሩ አወጣችና ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ሁሉንም ሞልታዋለች። አዲስ ስም በሚለው ቦታ ቤተልሔም ብላለች፤ ፊርማዋም አለ። እስክሪብቶ ሰጠችኝ።

«በአማርኛ ጻፊው» አለችኝ። ማንበብ አታውቅም፤ አላስተማርኳትም።

የቱን ብዬ አልጠየቅኩም። ከአዲሱ ስም ሥር፣ ባዶው ቦታ ላይ፣ ደረሰ ብዬ ጻፍኩላት።

«ሦስት ብቻ ነው?»

«ሦስት ብቻ ነው።»

ጣቷን በእያንዳንዱ ፊደል ላይ አሳለፈች። ይኼ ለወንድ ነው አይደል አለችኝ። አዎ አልኳት። ለሴትስ ምን ይጨመራል አለች። እስክሪብቶውን መልሼ ወስጄ መጨረሻው ላይ ች ጨመርኩበት፤ ደረሰች። እያየችው ብዙ ቆየች።

ከዚያ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደችና የመጨረሻዋን ፊደል ሁለት ጊዜ፣ አጥብቃ፣ ወረቀቱ እስኪሳሳ ሰረዘቻት። ስርዝ ድልዝ ያለበትን ፎርም ፍርድ ቤቱ እንደማይቀበል እሷም እኔም እናውቃለን።